በስኳር ማስቀመጫው ሥር

በትምህርት ቤት ውስጥ አረቄ ታወጣለች ተብላ በስብሰባ የተወቀሰች የባዮሎጂ አስተማሪ ከእኔ ሌላ መኖሯን እጠራጠራለሁ። ነገሩ የሆነው ናዝሬት ነው፣ በደርግ ጊዜ፤ ሰኞ ስብሰባ፣ ረቡዕ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ዘመቻ በሚባልበት፣ ስኳሩ ወንጂ ላይ ከአፍንጫችን ሥር እየተመረተ እኛ ግን ለኪሎዋ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ በምንሰለፍበት ዘመን። ዛሬ ሳስታውሰው እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን ጆሮዬ እስኪግል ተናድጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የተናደድኩት ወቀሳው ውሸት ስለነበር ብቻ አይደለም። ግማሹ እውነት ስለነበርም ነው።

ከሥሩ ልጀምር። በየዓመቱ ያንኑ የዕፅዋት ምዕራፍ እከፍትና "ቅጠል በፀሐይ ብርሃን የተቃጠለ አየር ያስገባል፣ ምግቡን ይሠራል፣ ንጹሕ አየር ያስወጣል" ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፤ እኔ አጠፋለሁ። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ፣ "መምህርት፣ ሲያስወጣ አይተውት ያውቃሉ?" አለችኝ።

"መጽሐፉ ይላል" አልኳት።

እሷ መልሴን ደብተሯ ላይ ጻፈች። እኔ ግን ያ መልሴ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። አላየሁትም ነበርኮ! ዩኒቨርሲቲም ስማር የጻፍኩት ከሰሌዳ ነው፣ ያስተማሩኝም ከሰሌዳ ነው የተማሩት። እልኸኛ ነኝ፤ እናቴ ትመስክር። ይህን ነገር በዓይኔ ሳላይ፣ ያቺን ልጅም ሳላሳይ አልቀርም አልኩ።

የመሬት ተክል ሲተነፍስ አይታይም። የውሃ ውስጥ ተክል ከሆነ ግን የሚያስወጣው አየር በአረፋ መልክ መታየት አለበት። ስለዚህ የመስታወት ሳጥን አሠራሁ። ብረት በያጁ ማዕዘኑን በየደልኝ፣ መስኮት ሠሪው መስታወቱን በስቱኮ ለጠፈልኝ። ሁለት ጊዜ አፍስሶ የቤተ ሙከራውን ወለል ሐይቅ አደረገው፤ በሦስተኛው ያዘ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሄጄ ቅጠሉ እንደ ሪባን የሚረዝም የውሃ ሣር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አመጣሁ። ዓሦቹን ከወንጂ የመስኖ ቦይ በነጠላ ጨለፍኳቸው፤ ጣት የማያክሉ ብርማ ዓሦች ነበሩ። ሳጥኑን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። የናዝሬት ፀሐይ ደግሞ ለማንም አይሰስትም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሣሩ ቢጫ ሆነ። ቅጠሉ ላይ ንፍጥ የመሰለ አረንጓዴ ነገር ተለጠፈበት። ያየው ሁሉ መድኃኒት አዘዘ፤ አንዱ ፀሐዩ በዛ ይላል፣ ሌላው አነሰ ይላል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ ዓይን ነው ብላ ጨረሰችው። እኔ የሚታየኝ ረሃብ ነበር። ብርሃኑ ሞልቷል፣ አፈሩ አለ፤ የጎደለው የተቃጠለው አየር ነው። ያቺ ትንሽ ውሃ በውስጧ ያላትን ጋዝ ሣሩ በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይራባል። ጋዙን ከውጭ ማምጣት ነበረብኝ።

ጋዝ ደግሞ ከየት ይመጣል? ከድፍድፍ። ከቤታችን ጀርባ ከአርሲ ነገሌ መጥተው የሰፈሩ አረቄ የሚያወጡ ሴትዮ ነበሩ፤ እትዬ ነው የምላቸው። የሳቸው ድፍድፍ በእንስራው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲንፈቀፈቅ እሰማው ነበር። ያ የሚንፈቀፈቀው እኮ የምፈልገው ጋዝ ነው! አንድ ጄሪካን ድፍድፍ ለመንኳቸው፤ ሳቁና ሰጡኝ። ከወንጂ የመጣ ሞላሰስ ጨመርኩበት፣ ክዳኑን በስቼ ከጤና ጣቢያ የተጣለ የግሉኮስ ቱቦ አስገባሁበት፣ ዙሪያውን በሰም ደፈንኩት፣ የቱቦውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ጋዙ ቡልቅ፣ ቡልቅ እያለ መውጣት ጀመረ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሳምንት አለፈው። ሣሩ ያው ቢጫ ነው።

በዚህ መካከል ነው ሽታው የወጣው። የውይይት ክበባችን ኃላፊ የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምር ወጣት ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን አንድ ነገር ሳያጋልጥ የዋለ ዕለት እንቅልፍ የሚወስደው አይመስለኝም። በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጓዶች፣ ከባዮሎጂ ክፍል የሚወጣው ሽታ የሳይንስ ሽታ አይደለም። የአረቄ ሽታ ነው። ጓድ መምህርት ድፍድፍ ደፍድፈዋል። ለምን? ለንዑስ ከበርቴ መዝናኛ ለሆኑ ዓሦች!"

መምህራኑ አቀርቅረው ሳቁ። እኔ ተነሣሁ። "ድፍድፉ እውነት ነው" አልኩ፤ "የምፈልገው ግን አረቄውን ሳይሆን ትንፋሹን ነው። ዓሦቹም ወንጂ ቦይ ውስጥ የተወለዱ ናቸው፤ ከበርቴ ዘመድ ያላቸው አይመስለኝም።" ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር፤ ሳቁ ወደ ኃላፊው ዞረና ፊቱ ጠቆረ። ዳይሬክተሩ ጠብ የማይወድ ሰው ስለነበር መሐል ገባ። ሦስት ሳምንት ሰጠኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከቅጠል አየር ሲወጣ በክፍል ፊት ካሳየሁ ሳጥኑ ይቆያል። ካላሳየሁ ሳጥኑ ተገልብጦ የክበቡ የግድግዳ ጋዜጣ ማሳያ ይሆናል፣ እኔም ደብዳቤ ይደርሰኛል። ያ ደብዳቤ ወዴት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደማናውቀው አውራጃ ዝውውር ነው። እናቴ ደግሞ እግሯ እሺ ብሎ ከግቢ አይወጣም። እሷን ትቼ ልሄድ፣ ወይስ ይዣት?

ሰው ሲጨነቅ ይቸኩላል። እኔ ደግሞ ሳልጨነቅም ቸኩዬ ነው የኖርኩት። የምፈልገው ጋዝ ከሆነማ፣ ጋዝ ያለው ውሃ በጠርሙስ ታሽጎ በየመጠጥ ቤቱ ሞልቶ የለ እንዴ? አምቦ ውሃ! ጋዙ ውስጡ ሟሙቶ ተቀምጧል፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ አልኩና በዘንቢል ጠርሙስ ተሸክሜ መጣሁ። ቆርኪውን እየከፈትኩ አንዱን፣ ሁለቱን፣ ሦስቱን፣ አራቱን ገለበጥኩት። ውሃው በአረፋ ሞላ። ሣሩ የደመቀ መሰለኝ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ በራሴ ብልጠት ስደነቅ አንድ ዓሣ ብቅ አለና አፉን ውሃው ላይ ከፈተ። ሌላው ተከተለው። ወዲያው ሁሉም ከላይ ተሰልፈው አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ መታፈን ጀመሩ። እስኪጠግቡ ሳይሆን እስኪሞቱ ነበር ያጠጣኋቸው።

ጮኽኩ። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት ዘበኛችን ናቸው፤ ከመንዝ የመጡ ሽማግሌ፣ አባባ እላቸዋለሁ። ምን እንደሆነ አልጠየቁም። ውሃ የሚጠጡበትን ጣሳ ከወገባቸው ፈቱና ከሳጥኑ ጨለፍ እያደረጉ ከላይ፣ ከጭንቅላታቸው ከፍታ፣ መልሰው ያንቆረቁሩት ጀመር። "አየር ይግባላቸው፣ አየር ይግባላቸው" ይላሉ። ውሃው እየተንቦጫረቀ ጋዙ ወጣለት። ከሁለት ዓሦች በቀር ሌሎቹ ዳኑ። የአባባን ትከሻ ሳምኩ። "ነፍሴን ነው ያተረፉልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜዎን ያርዝምልኝ!" እያልኩ የማውቀውን ምርቃት ሁሉ አዘነብኩባቸው። ሽማግሌው በደስታ ቀና ብለው ወጡ። ያ ምርቃቴ በኋላ ምን እንዳመጣብኝ አሁን ትሰማላችሁ።

በማግስቱ እትዬ አዲስ ድፍድፍ ይዘውልኝ መጡ፤ ጄሪካኑን ተሸክመው ያስገቡላቸው አባባ ነበሩ። እትዬ በኦሮምኛቸው "አካም ቡልቴ"፣ እንዴት አደርሽ፣ ብለውኝ ሳጥኑ ፊት ቁጢጥ አሉ። ከቱቦው የሚወጣውን አረፋ በዓይናቸው ተከተሉት፤ እንደ ባቄላ የሚያክል አረፋ ከታች ይነሣል፣ ሽቅብ ይሮጣል፣ ላይ ሲደርስ ጧ ብሎ ይጠፋል።

"ይሄ ሁሉ የት ነው የሚሄደው?" አሉኝ።

"ወደ ውሃው ነዋ፣ እትዬ።"

"የታለ? ጣራ ነው የሄደው! ልጄ፣ አንቺ ውሃውን አሳይተሽው ታባርሪዋለሽ እንጂ መች አስገባሽው?" እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረጉ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንፋሎት ስይዝ ነው የኖርኩ። የእንፋሎቱን መሄጃ መቃ ያሳጠርኩ ዕለት እንፋሎቱ ይሮጥና ሰፈሩ በጠረኑ ይሰክራል፤ እኔ ባዶ ዕቃ ታቅፌ እቀራለሁ። ረዥም መንገድ የሄደ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የቆየ ነው አረቄ የሚሆን። አቆዪው! ሱታ፣ ሱታ።"

"ሱታ ምንድን ነው?" አሉ አባባ ከበሩ።

"ቀስ፣ ቀስ ማለት ነዋ" አሉ እትዬ። "እቺ ልጅ አታውቀውም።"

ተሸማቀቅሁ፤ ግን ልክ ናቸው። የጋዝ እጥረት መቼ ነበረብኝ? ጋዙ ከውሃው ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ነው ያጠረው። ከታች እስከ ላይ ለመድረስ አንድ ትንፋሽ የማይሞላ ጊዜ ብቻ ነበረው። በጠርሙሱ ደግሞ የሳምንቱን በአንድ ደቂቃ ደፋሁበት። የሚያስፈልገኝ ጋዙን ውሃው ውስጥ አግቶ የሚያቆይ ጣራ ነበር፤ መስታወት ቢሆን ደግሞ ውስጡ ይታየኛል።

ቤት ስገባ የእናቴ የስኳር ማስቀመጫ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። አፈ ሰፊ ወፍራም ብርጭቆ ነው፣ የሰርጓ ዕቃ። ስኳር በካርድ ከሆነ ወዲህ ባዶውን ነበር የሚወለወለው።

"እማዬ፣ ይሄን ላውሰው?"

"ስኳር አገኘሽ?" አለች ዓይኗ በርቶ።

"አይ፣ ለጋዝ ነው።"

"ውሰጂው እንግዲህ፣ እሱም ሥራ ፈትቷል" ብላ ሰጠችኝ።

ማስቀመጫውን ውሃ ሞልቼ ሳጥኑ ውስጥ በአፉ ደፋሁት፤ እንዳይነሣ ከብረቱ ማዕዘን ጋር በሽቦ አሰርኩት። የቱቦውን ጫፍ ከሥሩ አስገባሁ። ጋዙ እየገባ ውሃውን ወደ ታች ገፋውና ግማሹ ድረስ ሞላ። ከዚያ የግሉኮስ ቱቦው ላይ ያለችውን ማጥበቂያ መንኮራኩር አጥብቄ ዘጋሁና፣ የውሃው ልክ ላይ በቀለም ምልክት አድርጌ ላስተምር ሄድኩ። ከሁለት ክፍለ ጊዜ በኋላ ተመልሼ ሳይ ውሃው ከምልክቱ በላይ ወጥቷል። ጋዙ ቀንሷል! ጣራ አልሄደም፣ መሄጃ የለውም፤ ውሃው ነው የጠጣው። ከስኳር ማስቀመጫው ሥር ዝም ብሎ፣ አንድም አረፋ ሳያሰማ፣ ጋዙ ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር። ብቻዬን በቤተ ሙከራው ውስጥ እልል አልኩ፤ አላፈርኩም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ቀላል ሆነ። ጠዋት መንኮራኩሩን ጥቂት ለቀቅ አድርጌ ጋዝ እሞላለሁ፣ ሳይሟሟ የቀረ ተራ አየር ሲጠራቀም ማስቀመጫውን ዘንበል አድርጌ አስወጣለሁ፣ እንደገና እሞላለሁ። ዓሦቹ እንደ ልባቸው ይዋኛሉ። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል፤ ሣሩ ግን ጥቂት አገገመና እዚያው ቆመ። አንዲት አረፋ ከቅጠሉ አልወጣችም። ሁለተኛው ሳምንት አለቀ። የክበቡ ኃላፊ በመስኮት አልፎ እያየኝ "ጓድ፣ እንዴት ነው?" ይለኛል፤ የግድግዳ ጋዜጣው የሚለጠፍበትን ካርቶን ለክቶ እንዳስቆረጠም ሰማሁ። እህል አልበላ አለኝ።

አንድ ጠዋት ግቢው ገና ሳይከፈት ሄድኩ። የቤተ ሙከራው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ሲንቆረቆር፣ ሲንቦጫረቅ። ብቅ ስል አባባ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በጣሳቸው ከሳጥኑ ይጨልፉና ከጭንቅላታቸው በላይ አንሥተው ይደፋሉ።

"አባባ! ምን እየሠሩ ነው?"

ደንገጥ እንኳ አላሉም። ፊታቸው በራ። "አየር አስገባላቸዋለሁ። ያኔ ካስተረፍኳቸው ወዲህ አንድም ጠዋት አላጎደልኩ። ለአንቺ አልነገርኩሽም፤ ጽድቅ ሲነገር ዋጋው ይጎድላል ብዬ ነው።"

በሩ ላይ ተደገፍኩ። በየጠዋቱ! እኔ ቀኑን ሙሉ ጠብታ በጠብታ ያስገባሁትን ጋዝ እሳቸው በየጠዋቱ ለዓሦቹ ጽድቅ ሲሉ አንቦጫርቀው ያስወጡታል። መናደድ ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም። ያን ሁሉ ምርቃት ያዘነብኩት እኔው ነኝ። አስቀምጬ ነገርኳቸው፤ ያን ዕለት ውሃው ጋዝ በዝቶበት ስለነበር መንቆርቆሩ እንዳዳናቸው፣ አሁን ግን ያው መንቆርቆር የሣሩን ቀለብ እንደሚያስወጣ። ሽማግሌው ጣሳውን አገላብጠው አዩት።

"እንግዲያ ስመግባቸው የኖርኩ መስሎኝ ስነጥቃቸው ኖሬአለሁ" አሉ። "ይቅር በይኝ፣ ልጄ።" ጣሳቸውን በሩ ላይ ካለው ምስማር አንጠለጠሉት።

የቀረኝ አምስት ቀን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሁለተኛው አዲስ ቅጠል አየሁ፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ። ከዚያ ወዲያ ማየት ፈራሁና ሳጥኑን በአቡጀዲ ሸፍኜ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ብቻ ክፍት ተውኩት። ቀኑ ሲደርስ ተማሪዎቹ ተጨናንቀው ቆሙ። ያቺ ጠያቂዋ ልጅ ከፊት ነበረች፤ እኔ ነኝ እዚያ ያቆምኳት። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል፣ የክበቡ ኃላፊ ደብተሩን ከፍቷል። አባባ በሩ ላይ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አቆላልፈው ቆመዋል። አቡጀዲውን በአንድ ጊዜ ሳብኩት።

ፀሐዩ ሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ገብቷል። ሣሩ ቆሟል። አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ ከአንዱ ቅጠል ጫፍ እንደ መርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጭ ነጥብ ብቅ አለች፣ አደገች፣ ለቀቀችና ሽቅብ ሄደች። በቦታዋ ሌላ መጣች። ከዚያኛው ቅጠልም ጀመረ፣ ከዚህኛውም፤ ከየቅጠሉ ቀጭን የአረፋ ክር እየተመዘዘ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር፣ እስከማይቆጠር ድረስ።

"ቱቦ አለው?" አለ የክበቡ ኃላፊ። ተንበረከከ። በመስታወቱ በግራ አየ፣ በቀኝ አየ፣ ከሥር አየ። ቱቦው ከዚያ ርቆ በስኳር ማስቀመጫው ሥር ነው ያለው፣ ከሱም አንድ አረፋ አይወጣም። አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋ። "ራሱ ቅጠሉ ነው..." አለ፤ ድምፁ እንደ ስብሰባ ድምፁ አልነበረም።

ያቺን ልጅ አየኋት። "መምህርት" አለችኝ፣ "አሁን አይተውታል።"

"አይቼዋለሁ" አልኳት። "አንቺም አይተሻል።" እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። በሕይወቴ ብዙ ተጨብጭቧል፣ በስብሰባው ዘመን ማን ያላጨበጨበ አለ? ማንም ሳያዘው የተጨበጨበ ጭብጨባ ግን ያን ቀን ሰማሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የክበቡ ኃላፊ ለግለ ሂስ ተነሣ። "አሸተትኩ እንጂ አላየሁም ነበር" አለ። "ሳጥኑ ከቦታው አይነሣ። ካርቶኑን ሌላ ቦታ እንለጥፈዋለን።" አጭር ነበረ፤ ለሱ ትልቅ ነገር ነው። እናቴ ወሬውን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ማስቀመጫዋ አለመሰበሩን ነው፤ ከዚያ ቤታችን ውስጥ እንደምንቀር ገባትና እግሬ ታመመ ሳትል ተነሥታ አቀፈችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። ይህን ያህል ከሠራ፣ ጋዙን ትንሽ ብጨምርለት ደግሞ ምን ሊሆን ነው ብዬ ወደ መንኮራኩሩ እጄን ሰደድኩ። ከኋላዬ በሩ ላይ ጉሮሮ ተጠረገ። አባባ ናቸው፤ ጣሳቸው ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እጃቸው ወደ ኋላ ተቆላልፏል።

"ተይ" አሉኝ። "ሱታ፣ ሱታ።"

እጄን ሰበሰብኩ።